አፍ መፍቻ

ከተማችን ሁለት ስም አላት፤ ባቡር ጣቢያው ላይ ጎን ለጎን ተጽፏል፤
ቢየል ብሎ የወረደ ቢየን ብሎ ይሳፈራል።
እዚህ ነው ልጄን የወለድኩት፣
እዚህ ነው ኡርስን ያገባሁት፣
እዚሁ፣ ከጣቢያው ማዶ፣ ከግራጫው ሕንፃ፣
ፈርሜ የወጣሁት፣ እሱም በሌላው በር ሲወጣ።

ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ ዛሬ ማክሰኞ መሽቷል፤
ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ወረቀት ተዘርግቷል።
አንደኛው ከዩራ ጋራ፦ ፈረስ ግልቢያ፣ ድንኳን፣ እሳት፣
መዝሙሩም ቁጣውም በፈረንሳይኛ፣ በእናቴ አፍ፣ ከቁርስ እስከ ራት።
ሁለተኛው ከኤመንታል ሸለቆ፦ አይብ መሥራት፣ ላም ማለብ፣
በበርን ጀርመንኛ መሳቅ፣ በበርን ጀርመንኛ መራብ።
ዋጋቸው በአሥር ፍራንክ ይበላለጣል፤
ሁለቱም የሐምሌ ካምፕ ናቸው፣ ሁለቱም በስድስት ይጀምራል፣
ሁለቱም ስም የተሰፋበት ካልሲ ይጠይቃል።

ኡርስ በስልክ፦ «ዓመቱን ሙሉ ካንቺ ጋር ነው፤
የኔ ልጅ የሚሆነው ረቡዕ ከሰዓት ብቻ ነው።
አንድ ሐምሌ ስጪኝ» አለኝ፣ እንደ አንድ ኩባያ ስኳር።
«ሱቁ፣ አውቶቡሱ፣ የኳስ አሠልጣኙ፣ ሁሉም ያንተን ነው የሚናገር፤
የኔ ቋንቋ ያለችው እዚህ ወጥ ቤት፣ ከዚህች አምፖል ሥር።»
ዘጋን። ማን ቀድሞ እንደዘጋ አላውቅም።

ቅጹን መሙላት ጀመርኩ።
የልጁ ስም፦ ሎይክ ስቱኪ። ዕድሜ፦ ስምንት።
መዋኘት፦ ይችላል። አለርጂ፦ ለውዝ።
የአፍ መፍቻ ቋንቋ፦
አንድ መስመር። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፣ «አንድ ብቻ ይጻፉ»።

እስክሪብቶዬ ቆመ።
አፉን ማን ፈታው?
ሐይቁ ዳር ነበርን፤ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖት፣
በጋሪው ቀበቶ ታስሮ፣ ዳክዬዎች ሲንሳፈፉለት፣
እጁን ዘረጋና «ላ!» አለ።
«ላ!» በኔ ቋንቋ «እዚያ!» ማለት ነው፤
ዞር አልኩ፣ ወደ ውሃው፣ ያየውን ላየው።
«ላ!» በአባቱ መንደር «ልቀቁኝ!» ማለት ነው፤
ኡርስ ተንበርክኮ ቀበቶውን ፈታው።
«በኔ ቋንቋ ተናገረ» ስል፣ «በኔ እንጂ» ሲል፣
ልጁ ጫማውን ጥሎ ውሃው ዳር ሲያንቦጫርቅ፣
እንስቅ ነበር።
ያኔ ጠባችንም እንደሱ ጨቅላ ነበር፤ አራት ጥርስ ብቻ ነበረው።
አንድ ቃል፣ ሁለት ፍቺ።
ያ ፍቺ አድጎ ይሄ ፍቺ እንደሚሆን
ማን ነበር የሚነግረን?

ሎይክ ፒጃማውን ለብሶ መጣ፣ ብሩሹን እንደነከሰ።
የፈረሱን ፎቶ አየ፣ የላሟን ፎቶ በጣቱ ዳሰሰ።
«እማ፣ እዚያ ሌሊት ነቅቼ ብፈራ፣
በየትኛው ቋንቋ ነው የማለቅሰው?»
ለቅሶ ቋንቋ የለውም ልል ነበር። አልቻልኩም።
አውቃለሁና፦ እኔ ቤት ሲቃዥ
የሚጠራው አባቱን ነው፣ በአባቱ አፍ፣
እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ በጨለማ፣ ውሃ ይዤ ስሰለፍ።
አባቱ ቤት ሲቃዥ ደግሞ እኔን ነው፣ በኔ አፍ።
ይህን የነገረኝ ራሱ ኡርስ ነው፣ ባለፈው ጥር፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ተበዳይ ሳይሆን እንደ ምስክር።

ልጁ ተኛ። ከመስመሩ ላይ «ላ» ብዬ ጻፍኩ፤
ፍቺውን ጽሕፈት ቤቱ ይፈልግ።
የዩራውን ወረቀት ከመሳቢያ ከተትኩ፣
የላሟን ፖስታ አሸግሁ።

ሐሙስ ደወልኩለት። «ሐምሌውን ውሰድ፣ ኤመንታል ይሂድ።»
ዝም አለ። ቆይቶ አመሰገነኝ፣
በኔ ቋንቋ፣ በዚያ በተሰባበረው፣
ግሱን ሁሌ ከኋላ በሚያስቀረው።
ደግነት መሰለው።
እኔ ግን ስስቴን አውቃለሁ፤
እዚያ፣ ከላሞቹ በላይ፣ ሌሊት ሲነቃ፣
የሚጠራኝን ስም
ከአሁኑ ቆሜ እሰማለሁ።